ግድግዳ ላይ ያለውን ግዳይ በእርጥብ ጨርቅ አትንኩት

እኛ ዓሣን የምናውቀው ወይ ዱለት ሆኖ፣ ወይ ጉላሽ ሆኖ፣ ወይ ደግሞ “በጾም ይበላል፣ አይበላም” እያልን ስንከራከርበት ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዐይኑን አፍጥጦ ሲያየን ግን ስሙ ራሱ ይቸግረናል። “የደረቀ ዓሣ” ብትሉ ሰሚው ቋንጣ ይመስለዋል። “የተሞላ ዓሣ” ካላችሁ ደግሞ የቃሪያ ስንግ ትዝ ይለዋል።

ቃሉ ግን ድሮም አለን። ግዳይ። አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ አዳኝ “ግዳይ ጣለ” ተብሎ ይፎከርለት ነበር። ጎፈሩን ይለብሳል፣ ቀንዱን ይሰቅላል። ዓሣ አጥማጁ ፈረንጅ ደግሞ ዓሣውን ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል። ሁለቱም “ይሄን የያዝኩት እኔ ነኝ” ነው የሚሉት። ችግሩ ቀንድ ብዙ ይችላል፣ የዓሣ ቆዳ ግን አይችልም። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አቧራ ነው። አዎ፣ ስለ አቧራ። ታገሱኝ፣ ነገሩ ጤናም እንጀራም ያለበት ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የመኪና ታርጋቸው ላይ “10 ሺህ ሐይቆች” ብለው የሚጽፉ ሰዎች አገር። ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛታቸው ዓሣ ብለው ሰይመውታል፤ ከዚህ በላይ ስለ ፍቅራቸው ማስረጃ አያስፈልግም። እኔ ደግሞ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። እዚህ ካለነው ሐበሾች ብዙዎቻችን እንጀራችን ከዚህ ወይም ከቤት ጽዳት ነው። እና የፈረንጅ ቤት ስታጸዱ አንድ ቀን ከግድግዳ ዓሣ ጋር መፋጠጣችሁ አይቀርም።

የምረዳቸው ሽማግሌ ከ80 ዓመት አልፈዋል። ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት ዓሦች አሉ። አንደኛው አባታቸው በ1950ዎቹ የያዙት ረጅምና ጥርሳም ፓይክ ነው። ሁለተኛው፣ ከእሳት ምድጃው በላይ የተሰቀለው፣ ባለቤታቸው በ1987 የያዙት ዎልአይ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌው ብዙ ነገር እየረሱ ነው፤ የዚያን ቀን ጀልባ ቀለም ግን አልረሱም። ሦስተኛው ልጃቸው ይዛ መልሳ ወደ ሐይቁ የለቀቀችው መስኪ ነው። የተለቀቀ ዓሣ እንዴት ግድግዳ ላይ ተገኘ ትሉኝ ይሆናል፤ እመጣበታለሁ።

ኅዳር ላይ ዘመድ አዝማድ ሊሰበሰብ ነበርና ልጃቸው “የዓሦቹን አቧራ ታነሺልኛለሽ?” አለችኝ። እሺ ከማለቴ በፊት እቴቴ ብዬ ለምጠራት ታላቅ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። አሥራ አምስት ዓመት ቤት አጽድታለች፤ ከምንጣፍ ላይ ወይን ጠጅ እንዴት እንደሚለቅ የምታውቅ ሴት ናት።

“አንቺ ደግሞ! ይሄ ምን ያስጨንቃል? በእርጥብ ጨርቅ ሙልጭ ማድረግ ነው እንጂ!” አለችኝ።

እቴቴን አከብራታለሁ፣ በዚህ ግን አልሰማኋትም። በአካባቢው እነዚህን ነገሮች የሚሠራ አንድ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። ሙያው ታክሲደርሚ ይባላል። ሰውዬው የመጀመሪያው ጥያቄው “ዕድሜው ስንት ነው?” ነበር። ሁለተኛው ደግሞ “እውነተኛ ቆዳ ነው ወይስ ፋይበርግላስ?” የሚል። ስለ ጨርቅም ስለ ሳሙናም ምንም አላለም።

ለምን እንደጠየቀኝ የገባኝ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ሳውቅ ነው። ዓሣው ይገፈፋል። ሥጋው በሙሉ ይወጣል። ቆዳው በዓሣው ቅርጽ በተዘጋጀ ነገር ላይ ይለበጣል፤ ድሮ ከጂፕሰም፣ ከእንጨት፣ ከሰጋቱራ ወይም ከተቦካ ወረቀት ይሠሩት ነበር፣ ዛሬ ቀለል ያለ ፎም ነው። ዐይኑ መስታወት ይሆናል። ከዚያ ቆዳው ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል። የሐይቅ አረንጓዴው፣ ወርቃማው፣ ነጠብጣቡ ሁሉ ሄዶ ጠቆር ያለ የደረቀ ቆዳ ብቻ ይቀራል። እናንተ ግድግዳ ላይ የምታዩት ውበት ሰው በኋላ የቀባው ቀለም ነው። ከላዩ ቫርኒሽ አለ፤ ቫርኒሹም ሲያረጅ ይቢጫል፣ ይሰነጠቃል። ማለትም እጃችሁ ላይ ያለው ጉዳይ የሥዕል ጽዳት ነው፣ ያውም በደረቀ ቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል። እርጥብ ጨርቅ ስታሳልፉበት የተሰነጠቀው ቀለም ከጨርቁ ጋር ይመጣል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ቆዳውን ያሳብጠዋል፣ የክንፉ ጫፍ ደግሞ ቀጭም ይላል። የደረቀ የዓሣ ክንፍ ከቺፕስ ብዙ አይሻልም።

እውነተኛውን ከፋይበርግላሱ ለመለየት ስልካችሁ በቂ ነው። መብራቱን አብሩና አፉ ውስጥና ስንጥቡ አካባቢ ግቡበት። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ጭንቅላቱ አካባቢ የመጨማደድና የመድረቅ ምልክት አለ፣ ቅርፊቶቹ አንዱ ከአንዱ ይለያያሉ፣ ወደ ግድግዳው በዞረው ጎኑ ደግሞ የስፌት ወይም የመገጣጠሚያ መስመር ታገኛላችሁ። ፋይበርግላሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ጠንካራ ነው። አሁን አሁን ብዙ አጥማጅ ዓሣውን ይዞ፣ ርዝመቱንና ዙሪያውን ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይለቀዋል። ባለሙያው በልኬቱና በፎቶው ቅጂውን ይሠራል። የልጃቸው መስኪ እንደዚያ ነው፤ ዓሣው ምናልባት አሁንም ሐይቁ ውስጥ እየዋኘ ይሆናል። ይሄኛው ለማጽዳት ቀላል ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ አራግፋችሁ ቀለሙ እንዳይነሳ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ታልፉበታላችሁ። (እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን፣ ሰው ሲያልፍ ጭንቅላቱን አዙሮ የሚዘፍነውን የፕላስቲክ ዓሣ ያላችሁ ደግሞ ባትሪውን አውጡና እንደፈለጋችሁ አድርጉት።)

አሁን ወደ ፓይኩ፣ ማለትም ወደ አባትየው ዓሣ። አደገኛው እሱ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሜትዝ በምትባል ከተማ፣ ዣን-ባቲስት ቤኩር የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ወፎችን እያደረቀ ያስቀምጥ ነበርና ነፍሳት እየበሉበት ተቸገረ። አርሴኒክን ከሳሙና፣ ከካምፎርና ከኖራ ጋር ደባልቆ ከቆዳው ውስጠኛ ገጽ የሚቀባ ነገር ሠራ። ቀመሩን በሕይወቱ ሳለ ምስጢር አድርጎ ያዘው፤ ከሞተ በኋላ ግን ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ሙዚየሞች ተጠቀሙበት፣ አዳኞች ተጠቀሙበት፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ትንሽ ሠሪም ተጠቀመበት። እስከ 1980ዎቹ ድረስ አልቆመም። አንዳንዱ ላይ ሜርኩሪ ወይም ዲዲቲም ተጨምሮበታል። አርሴኒክ ደግሞ እንደ ምግብ ጊዜው አልፎበት አይበላሽም። 70 ዓመት ቢቀመጥ ያው አርሴኒክ ነው። ቆዳው ሲሰነጠቅ በዱቄት መልክ ይወጣና ከቤት አቧራ ጋር ይቀላቀላል።

ስለዚህ የሙዚየም ሰዎች ደንባቸው ግልጽ ነው፦ ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ ማንኛውም የደረቀ እንስሳ፣ ተመርምሮ ነጻ እስኪባል ድረስ፣ መርዝ እንዳለበት ይቆጠራል። ዐይኑ ዙሪያ ወይም ክንፉ ሥር ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጥርጣሬው ይጨምራል። ነጭ ዱቄት የለም ማለት ግን መርዝ የለም ማለት አይደለም። በዐይን አይታወቅም፣ በሽታም አይታወቅም።

ይሄን ለእቴቴ ስነግራት ስልኩ ውስጥ ዝም አለች። ከዚያ “የአጋዘን ጭንቅላትስ?” አለችኝ። ያውም፣ አልኳት። ለስንት ዓመት በየሳምንቱ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ አምስት የአጋዘን ጭንቅላት በላባ ማራገፊያ ስታራግፍ ነበር። ያለ ማስክ። ያለ ጓንት። አራግፋ ስትጨርስ እዚያው ኩሽና ምሳዋን ትበላ ነበር። “አንድ ሰው እንኳን አልነገረኝም” አለች። ባለቤቶቹም ላያውቁ ይችላሉ፤ ከአያት የወረሱት ዕቃ ነው። ግን ላባውን ይዞ መሰላል ላይ የሚወጣው ማነው? እኛ ነን። አርሴኒክ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፣ በአፍና በአፍንጫ ይገባል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወደ ጽንሱ ያልፋል። እቴቴ ለሐኪሟ ነገረች፣ ምርመራም ጠየቀች። አሠሪዎቿንም ጠየቀች፤ አሁን ጭንቅላቶቹን የሚያጸዳው በዓመት አንዴ የሚመጣ ባለሙያ ነው።

እናንተም፣ ውጭ ያላችሁትም ውጭ ያለች እህት ያላችሁም፣ ይሄን አንድ ነገር ያዙ። አሮጌ የደረቀ እንስሳ ያለበት ቤት ስትቀጠሩ “ይሄ መቼ ነው የተሠራው?” ብላችሁ ጠይቁ። ማንም የማያውቀው ከሆነ አታራግፉት። በላባ፣ በታመቀ አየር፣ በአፍ እፍ በማለት፣ በምንም። የግድ መነካት ካለበት የናይትራይል ጓንት፣ ኤን 95 ማስክ፣ ለብቻው የሚታጠብ ልብስ፣ ሲያልቅ እጅን በሳሙና። ልጆችና ድመቶች ከክፍሉ ይውጡ። ተራ ቫኪዩም አይሆንም፤ ከፊት የሳበውን ደቃቅ ዱቄት ከኋላ መልሶ አየሩ ላይ ይተፋዋል። ሄፓ ፊልተር ያለው ነው የሚያስፈልገው፤ እሱ እስከ 0.3 ማይክሮን የደቀቀ ብናኝ 99.97 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ከናካቴው ሥራውን ትተወው። “ይሄን አልነካም” ማለት ስንፍና አይደለም።

ፓይኩን እኔ አልነካሁትም። ለልጃቸው ነገርኳት፣ ባለሙያ አስመጣች። ሽጉጥ በሚመስል የኤክስሬይ መሣሪያ ጠጋ ብሎ አየው፤ ሳይቆረጥ፣ ሳይፋቅ ውጤቱ ወዲያው ይወጣል። አርሴኒክ አለበት። አልጣሉትም፣ መጣልም አላስፈለገም። ባለሙያው አጽድቶት በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ አስገቡት፣ ከጀርባው “አርሴኒክ አለው” የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። እንዲያውም ሣጥን ውስጥ ሲገባ ግርማ ሞገሱ ጨምሯል።

የቀረኝ የባለቤታቸው ዎልአይ ነበር። ከጀርባው ያለው የሠሪው ወረቀት 1987 ይላል፤ ባለሙያው በዚያው መሣሪያ እሱንም አየልኝና ነጻ ነው አለ። ጓንትና ማስኩን ግን አላወለቅኩም።

መጀመሪያ ያደረግኩት ፎቶ ማንሳት ነው። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ክንፍ በክንፍ፣ በጣም ተጠግቼ። ይሄን አትዝለሉ። አንደኛ፣ የተሰበረ ነገር ካለ ከእናንተ በፊት የተሰበረ መሆኑ ይታወቃል፤ የሰው ቤት ውስጥ ስትሠሩ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ቆሻሻ የሚመስል ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ዎልአይ የፊተኛው የጀርባ ክንፉ መጨረሻ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ የጅራቱ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ነጭ ነው። ዐይኑ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ዐይን ነው፣ በጨለማ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው። የመስታወት ዐይኑ የተሠራው ያንኑ እንዲመስል ነው። የማያውቅ ሰው ጥቁሩን እድፍ፣ ጭጋጉን ቆሻሻ ብሎ ሲፈትግ ይውላል። ኢንተርኔት ላይ በሕይወት ያለ ዎልአይ ፎቶ ፈልጌ ከእኔው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አየሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ከልጃቸው ጋር ሆነን አወረድነው። የሚያዘው ከጀርባው ካለው እንጨት ነው፤ ጅራቱንም ክንፉንም አትጨብጡም። ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ፎጣ አነጠፍንና አስተኛነው።

መሣሪያዎቼን ብታዩ ትስቃላችሁ። ያልተነካ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፣ አሮጌ ስቶኪንግ፣ ላስቲክ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ የተነጠረ ውሃ። ስቶኪንጉን በቫኪዩሙ አፍ ላይ ወጥሬ በላስቲክ አሰርኩት፤ ቅርፊት ወይም የክንፍ ስባሪ ቢነሳ እዚያ ላይ ይቀራል እንጂ ተስቦ አይጠፋም። ቫኪዩሙን በጣም ዝቅተኛው ላይ አደረግኩት። አፉን ዓሣው ላይ አላስነካሁትም። በአንድ እጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቄ ያዝኩና በሌላው እጅ አቧራውን በብሩሹ ወደ እሱ ገፋሁት። አቅጣጫው ሁልጊዜ ከጭንቅላት ወደ ጅራት ነው፣ እንደ ቅርፊቱ አተኛኘት። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ብሩሹ ቅርፊቱ ሥር ገብቶ ይገነጥለዋል። ክንፍ ላይ ስትደርሱ ከኋላው መዳፋችሁን ደግፉ፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ ብቻ ጥረጉ። ትንፋሼን ውጬ ነው የሠራሁት፤ አንድ ዓሣ አርባ ደቂቃ ወሰደብኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ማቆም ይሻላል። የእኛው ግን ከምድጃ በላይ ስለነበር ጥቀርሻ ተጣብቆበት ነበር። ጥጡን በተነጠረ ውሃ ነካ አድርጌ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ጨመቅ አድርጌ፣ መጀመሪያ በማይታየው ጎን ሞከርኩ። ጥጡ ላይ ቀለም ከወጣ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው፤ ወዲያው ይቆማል። አልወጣም። ከዚያ ጥጡን ሳልፈትግ እያንከባለልኩ፣ የጥፍር ያህል ቦታ ሠርቼ ወዲያው እያደረቅኩ፣ ጥጥ እየቀየርኩ ቀጠልኩ። ሠላሳ አንድ ጥጥ። ቆጥሬያለሁ።

የማይሆነውን በአጭሩ ልበል። የመስታወት ማጽጃ፣ አሞኒያ፣ በረኪና፣ አልኮልና ቲነር ቀለሙንና ቫርኒሹን ይበላሉ። የፈርኒቸር ማስወልወያ ስፕሬይ ለጊዜው ያብለጨልጨዋል፣ ግን የሚተወው ቅባት አቧራ ጠሪ ነው። ጭንቅላቱና ክንፉ ሥር ቢጫ የሚያጣብቅ ነገር ካያችሁ ከውስጥ የሚወጣ የዓሣው ዘይት ነው፤ ቅባታም ዓሦች ላይ በብዛት ይታያል። እሱን ለባለሙያ ተዉት። ከሥሩ ደቃቅ ዱቄትና የነፍሳት ቅርፊት ከተገኘ ደግሞ ጥንዚዛ እየበላው ነው፤ ያን ቀን ማጽዳቱን ትታችሁ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከሌሎቹ ለዩት።

“ለአንድ ዓሣ ይሄ ሁሉ?” የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ስለ አንድ ዓሣ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1938፣ ኢስት ለንደን በምትባል የደቡብ አፍሪካ ወደብ፣ ማርጆሪ ኮርትኔ-ላቲመር የምትባል የ31 ዓመት የሙዚየም ኃላፊ ከአንድ የዓሣ መርከብ ላይ አይታው የማታውቀው ሰማያዊ ዓሣ አገኘች። 57 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያ ሙቀት የምታስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ፈለገች፣ አስከሬን ቤቱ ሳይቀር እምቢ አላት። ሲሸት ጊዜ ያላት ምርጫ ታክሲደርሚ ሠሪ ነበር። ገፎ አደረቀላት፤ የውስጥ አካሉ ተጣለ። በየካቲት 1939 ፕሮፌሰር ስሚዝ የሚባሉ የዓሣ ሊቅ መጥተው ሲያዩት ሲላካንት ነው፤ ሳይንስ ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ያለው ዓሣ። ሁለተኛው እስኪያዝ እስከ 1952 ድረስ፣ 14 ዓመት ሙሉ፣ የዚያ ዓሣ ዋና ማስረጃ የደረቀ ቆዳው ነበር። ዛሬም እዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ። አንዱ ታታሪ ሠራተኛ በበረኪና ሙልጭ አድርጎት ቢሆን አስቡት።

አገር ቤት ላላችሁት፣ የአያት የጎሽ ቀንድ፣ የነብር ቆዳ፣ የድሮ ጋሻ ካለ ነገሩ ብዙም አይለይም። ዕጣን ሙጫ ነው፤ ጭሱ ያጣብቃል፣ አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። ቡና ከሚፈላበት ጥግ አርቁት። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የእንስሳት ሙዚየም ስትሄዱ ደግሞ የቆመውን ዋልያ ለሰልፊ አቅፋችሁ ፎቶ ለመነሳት አትሞክሩ። የናንተም ጤና ነው።

ዎልአዩ ሲጸዳ ጎኑ ላይ ያለው ወርቃማ ቀለም ወጣ። ሽማግሌው መጥተው ጎንበስ ብለው አዩት። “ሠሪው ጅራቱን ትንሽ አስረዝሞታል፣ እሷም ያኔ ብላዋለች” አሉኝ። ወደ ምድጃው በላይ መመለስ ግን አይሆንም ነበር፤ ሙቀቱ ያሰነጥቀዋል፣ ጥቀርሻው መልሶ ይለብሰዋል። የመስኮቱ ግድግዳም አይሆንም፣ ፀሐይ ቀለም ታነጣለች። ፀሐይ የማይገባበት፣ ከኩሽናም የራቀ ቦታ ኮሪደሩ ብቻ ሆነ። እዚያ ሰቀልነው። ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና ወንበራቸውም ወደ ኮሪደሩ ይምጣልኝ አሉ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ ሰፊ። ለማስገባት የበሩን ቅጠል መንቀል ነበረብን።